እፍኝ ዝንጉርጉር

አባቷ ስልክ የሚደውለው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞትና ዝናብ ሲዘገይ። ማክሰኞ ማለዳ ስሙ ስልኳ ላይ ሲበራ ዝናቡ በመስኮቱ መስታወት ላይ እየወረደ ስለነበር፣ “ማን ሞተ?” ብላ ነው ያነሳችው።

“ማንም አልሞተም” አላት። “አኩሪ አተሬ ግን ሊሞት ነው። ቅጠሉ ዝንጉርጉር ሆኗል፣ ተጨማዷል። ሐሙስ ደግሞ የዘር መርማሪው ይመጣል።”

ልጅቷ የምትሠራው ከተማ ውስጥ፣ የእጽዋት በሽታ መመርመሪያ ቤት ነው። ቤተሰቡ የሰው ሐኪም ትሆናለች ብሎ ሲጠብቅ የቅጠል ሐኪም ሆና አረፈችው። ሰፈሩም ይህን ቀልድ አልለቀቀውም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እስከ ዛሬ “ቅጠል ሐኪም” ነው የሚላት። እሷ አትናደድም። እንዲያውም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አባቷ “ተጨማዷል” ሲላት ከሐዘኑ በፊት ቀድሞ የመጣባት ሌላ ነገር ነበር፤ ልቧ ድው ድው አለ። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ሌላው ራሱን በሚይዝበት ነገር እነሱ ዓይናቸው የሚበራ። ክፋት አይደለም፣ የሥራ ጠባይ ነው።

ሐዘኑም አልቀረም፣ ተከትሎ መጣ። አባቷ ዘር አባዥ ነው፤ እሱ ያመረተውን ሌሎች ይገዙና ይዘሩታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ፍሬው ሲደርቅ ፈንድቶ መሬት ላይ የማይበተነውን፣ ግንዱ በነፋስ የማይተኛውን ተክል አንድ በአንድ እየመረጠ እዚህ ያደረሰው የራሱ ዘር አለው። መርማሪው ከመቶ ተክል ከአንድ በላይ በሽተኛ ካገኘ የዘንድሮው ምርት ለዘር አይሆንም፤ ዘይት መጭመቂያ ይገባል፤ ዘሩም ከመዝገብ ይሰረዛል። የሃያ ሁለት ዓመት ልፋት የሰው ሽንኩርት ማቁላያ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

“ዘሩማ ንጹህ ነው፣ አባባ” አለችው። “በላክልኝ ጆንያ ውስጥ ከነበረው ሁለት መቶ ፍሬ ቆጥሬ መረብ ቤታችን ውስጥ ዘርቻለሁ። ትንኝ እንኳ አይገባበትም። አምስት ሳምንቱ ነው፣ አንዱም አልታመመም።”

“ታዲያ ከየት መጣ?”

“ከውጭ ነዋ! መጥቼ አገኘዋለሁ።”

አለቃዋ ዘንድ ሦስት ቀን ፈቃድ ልትጠይቅ ስትገባ ፊቷ እንደዚያ እያበራ ስለነበር፣ አለቃዋ ከወረቀታቸው ቀና ብለው “ሠርግ አለ እንዴ?” አሏት።

“አይ፣ ቫይረስ ነው” አለችና እግሬ አውጪኝ ብላ ወጣች።

ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባቷ ማሳው ጫፍ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አጠገቡ መርጫውን በጀርባው ያዘለ ጎረቤታቸው ጋሽ ቶሎቶሎ አለ። ይህን ስም ያገኘው ሁሉን ነገር ከሰው አስቀድሞ በማድረግ ነው፤ ሳይዘንብ ይዘራል፣ ሳይደርስ ያጭዳል፣ “እንዴት ዋልክ” ሳይሉት “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላል።

“ክሽክሽ ነው!” አለ ገና ከሩቅ ሲያያት፤ ቅጠል ሥር ተጣብቀው ጭማቂ የሚመጥጡትን ደቃቅ አረንጓዴ ነፍሳት ማለቱ ነው። “የኔም ማሳ እንደዚሁ ሆኗል። ትናንት ረጨሁት፣ ዛሬም እረጨዋለሁ፣ ነገም እረጨዋለሁ!”

“ከረጩት ወዲህ ተሻለው?”

“ባሰበት እንጂ! ለሱ አይደል እንዴ የምደግመው?”

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና አንድ ቅጠል ገልብጣ አሳየችው። “ጋሼ፣ ይቺን ይመልከቷት። ክሽክሽ አፉን ሳይጠርግ ከድግስ ድግስ እንደሚዞር ሰው ነው። የታመመውን ቅጠል ቀመስ ያደርግና ቫይረሱን አፉ ጫፍ ላይ ይዞት ይሄዳል፤ ቀጥሎ የቀመሰው ይታመማል። ለዚህ ደቂቃ አይፈጅበትም። መድኃኒቱ ሲነካው ደግሞ ወዲያው አይሞትም፣ ይደነብራል። እስኪሞት ድረስ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለ አሥሩን ቀምሶ ነው የሚሞተው።”

“እንግዲያው እኔ ነኝ የማስሮጠው በይኛ!”

“ትንሽ ያስሮጡታል።”

ጋሽ ቶሎቶሎ መርጫውን ከጀርባው አወረደና ልክ እንደከዳው ወዳጅ ትኩር ብሎ አየው። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አለ አባቷ በቀስታ፤ በዚያ ቀን የተናገራት ብቸኛ ቀልድ እሷ ነበረች።

ልጅቷ ባልዲ ገልብጣ ጠረጴዛ አደረገች። የተጨማደደ ቅጠል ቆርጣ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከፈሳሽ ጋር ጨመረችና በብዕር ጀርባ ደቆሰችው። ከዚያ ጣት የምታክለውን የመመርመሪያ ወረቀት ነከረች። አንድ መስመር ከወጣ ቫይረሱ የለም፤ ሁለት ከወጣ አለ። ሦስቱም ባልዲው ላይ አጎነበሱ። የመጀመሪያው መስመር ቶሎ ወጣ። ሁለተኛው መጀመሪያ ጥላ መሰለ፣ ቀጥሎ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ደምቆ ቁጭ አለ።

“አለ!” ብላ ጮኸች በደስታ። ከዚያ የአባቷን ፊት አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

አሁን የቀረው በየት በኩል እንደገባ ማወቅ ነው። ከውጭ የመጣ ክሽክሽ መጀመሪያ የሚያርፈው ማሳው ዳርቻ ላይ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩ ታሞ መሐሉ ጤነኛ መሆን ነበረበት። በአጥሩ በኩል ዞረች፤ ለምለም። በቦዩ በኩል ዞረች፤ ለምለም፣ የሚያስቀና። በሽተኞቹ ያሉት በመንገዱ በኩል፣ መስመሮቹ በሚጀምሩበት ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ወጥ አይደሉም፣ አንድ አንድ ክፍል በሚያክሉ ቦታዎች ተሰብስበዋል። የመጀመሪያው ከአንደኛው መስመር ይነሳል። ሁለተኛው የት ይጀምራል? መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሦስተኛው ላይ። ቀጠለች። ሃያ አምስተኛው ላይ። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ቀጣዩ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ እንደሚሆን ከመድረሷ በፊት ታውቋት ነበር። አርባ ዘጠነኛው ላይ መቁጠሯን ትታ ቆመች።

በየአሥራ ሁለት መስመሩ! ክሽክሽ አሥራ ሁለት ድረስ መቁጠር ከየት ተማረ?

ነፍሳት አይቆጥሩም። የሚቆጥር ሰው ነው። በየአሥራ ሁለት መስመሩ የሚደረግ ምን አለ ብላ ስታስብ፣ ልጅ ሆና መዝሪያ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ የሄደችባቸው ቀናት ትዝ አሏት። አንድ ጆንያ ዘር አሥራ ሁለት መስመር ይዘራል። ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ እዚሁ መንገድ ዳር ተቁሞ አዲስ ጆንያ ይከፈታል። አምስት ጆንያ፣ ስልሳ መስመር፣ አምስት የታመመ ቦታ። በሽታው የመጣው ከአጥሩ ማዶ አይደለም። ከጆንያው አፍ ነው።

ወደ ቤት ሮጠች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሮጣ ስትገባ ግን እናቷ “ምን ሰበርሽ?” ነው ያሏት፤ ድሮም እንዲህ የምትሮጠው አንድ ነገር ስትሰብር ነበርና። እናቷ በመስኮቱ ብርሃን ትሪ ላይ ዘር እየለቀሙ ነበር፤ የተሰነጠቀውን፣ የተነቀዘውን፣ ዝንጉርጉሩን ወደ አንድ ወገን ይገፋሉ። አባቷ ከኋላዋ እያለከለከ ገባ።

“አባባ፣ ጆንያው አፍ ላይ ምን ታደርጋለህ?”

አባቷ ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። “ምን አደርጋለሁ? እሰፋዋለሁ።”

“ከመስፋትህ በፊት።”

“ንገራት” አሉ እናቷ ከትሪው ቀና ሳይሉ። “ወይ እኔ ልንገራት። ዘጠኝ ዓመት አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ አሁንስ መንጋጋዬን አመመኝ።”

አባቷ ቁጭ አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ ተራ እህል በጆንያ ሞልቶ፣ የእሱን ስም ጽፎ ሸጦ ነበር። ግማሹ አልበቀለም። የገዙት ሰዎች እዚህ በር ላይ መጥተው “ሌባ!” ብለው ጮኹበት። የእኔ አይደለም ቢል ማን ይስማው? በምን ያስረዳ? ያን ጊዜ ቅስሙ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠውንም ለራሱ ማሳ የሚያስቀረውንም ጆንያ ከመስፋቱ በፊት አፉ ላይ አንድ እፍኝ ዝንጉርጉር ፍሬ ያደርጋል፤ ሃያ፣ ሠላሳ ትሆናለች። ነገር ከመጣ ጆንያውን ከፍቶ “ይኸው ምልክቴ” ሊል። ዝንጉርጉሩ እንዳያልቅበትም ከአምና ጀምሮ ከጓሮ አንድ መስመር ለብቻው ዘርቶ ያረባዋል።

“እኔ የምጥለውን እሱ ይለቅማል” አሉ እናቷ።

“ቆንጆ ናቸው’ኮ” አለ አባቷ። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ማሰሮ አውርዶ አሳያት። እውነትም ቆንጆ ነበሩ፤ የፍሬው ጥቁር ዓይን ቀለሙ አምልጦ ቢጫው ቆዳ ላይ የፈሰሰ ይመስላል።

“አባባ፣ ቀለሙ እንዲህ የሚፈሰው እናቲቱ ተክል ታማ እንደሆነ ነው። ዝንጉርጉር ሁሉ በሽተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ከሠላሳው ውስጥ ሦስት አራቱ ቫይረሱን ይዘው ይበቅላሉ። የቀረውን ክሽክሽ ይጨርሰዋል፤ ለሱ አንድ ይበቃዋል።” ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለባትና ቀጥ ብላ ቆመች። “ቆይ፣ ቆይ! የኔ ሁለት መቶ ፍሬ ለምን አልታመመም? የኔ ጆንያ ላይ ምልክት አላደረግክም?”

“ለቤት ልጅ ምልክት ምን ያደርጋል?” አለ አባቷ ግራ ተጋብቶ። “ያንቺን ዝም ብዬ ሰፋሁት።”

ልጅቷ ጮኸች። ጮኸች ብቻ ሳይሆን ዘለለች፤ ከነጭቃዋ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ትሪው ተገለበጠና አኩሪ አተሩ በየወንበሩ ሥር ተንከባለለ። “ንጹህ ነው! ዘርህ ንጹህ ነው! የታመመው ምልክቱ ነው እንጂ ዘሩ አይደለም! ገና አላበበም፣ ጊዜ አለን! የታመሙትን ከነዙሪያቸው እንነቅላለን፣ የጓሮውን መስመር እናጠፋለን፣ ነገ አንድ ሙሉ ቀን አለን!”

የአባቷ ፊት ቀስ እያለ ተፈታ። ዓይኑ እርጥብ ሆነ። “ሐሙስ ምርመራውን ያልፋል ማለት ነው?”

“ያልፋል!”

“እንግዲያው ዝም ብለን እንነቅላለን” አለ እጆቹን እያፋተገ። “ማንም ምንም ሳይሰማ።”

እናቷ መሬት ላይ ተንበርክከው ፍሬ መልቀም ጀምረው ነበር። ሳይነሱ፣ “የሸጥክላቸውስ?” አሉ።

አባቷ እጆቹን ማፋተግ አቆመ። የገዙት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ቶሎቶሎም አንዱ ነው፤ አሁን ማሳው ውስጥ ቆሞ በሽታው ከሰማይ የወረደ መስሎት መርጫውን እየረገመ ያለው። በሌሎቹም ማሳ ውስጥ ይኸው እፍኝ አለ። እነሱም ነገ ተነስተው ይረጫሉ።

“እነዚያው ሰዎች ናቸው’ኮ በሬ ላይ ቆመው ሌባ ያሉኝ” አለ አባቷ። ድምፁ ተቀይሮ ነበር። “አሁን ሄጄ ‘ያሳመምኳችሁ እኔ ነኝ’ ልበላቸው? መርማሪው ከሰማስ? ነቅዬ የምጨርሰውን በሽታ እኔው ልንገረው?”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” አሉ እናቷ። “ይቺን ደግሞ ከኔ ሳይሆን ካንተ ነው የሰማሁት፣ የራስህን ጥርስ ሲያምህ ብቻ ነው የማትላት።”

አልሳቀም። ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ልጅቷ ልትከተለው ስትነሳ እናቷ ቀሚሷን ያዙ። “ተይው። እሱ ነገር የሚዋጥለት ቀስ ብሎ ነው።”

ረቡዕን ሙሉ ነቀሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ! ልጅቷ በምልክት ክር ታጥራለች፣ አባቷ ይነቅላል፣ እናቷ በላስቲክ ከረጢት እያፈኑ ያወጣሉ፤ ክሽክሹ እንዳይበተን ቀስ ብለው፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሱ። የጓሮው መስመር ተነቅሎ ጉድጓድ ገባ።  አመሻሹ ላይ ልጅቷ እጇን ታጥባ ስትገባ ማሰሮው መደርደሪያው ላይ የለም። አባቷም የለም።  ማስረጃውን ሊጥል ሄደ ብላ አሰበች፤ ምንም አትለው ነገር አባቷ ነው፣ ዝም እንዳትል ደግሞ አሥራ አንድ ማሳ አለ። ሌቱን እየተገላበጠች አደረች።

ሐሙስ ጠዋት ያነቃት የአንድ ነገር ሽታ ነው፤ የሚጣፍጥ፣ የተቆላ። ወደ ግቢው ስትወጣ ዓይኗን ማመን አቃታት። የዘር መርማሪው፣ ቀጭን ሰውዬ፣ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዙሪያውን አሥራ አንዱም ጎረቤቶች አሉ፤ ማታ አባቷ በየቤታቸው ዞሮ ጠርቷቸዋል። ጋሽ ቶሎቶሎ ከሁሉ ቀድሞ ስለመጣ ጥላ ያለበትን ቦታ ይዟል።

አባቷ ከወጥ ቤት ትሪ ይዞ ወጣ። ትሪው ላይ ዝንጉርጉሩ አኩሪ አተር፣ ማሰሮው ሙሉ፣ ተቆልቶ ይጨሳል። መሐላቸው አስቀመጠውና ቆመ። 

“ዘጠኝ ዓመት ‘ዘሬን አስመስለው ሸጡ’ እያልኩ ምያለሁ” አለ። “አመናችሁኝ አላመናችሁኝ አላውቅም። እኔ ግን እናንተን አላመንኳችሁም። ነገ ደግሞ ሌባ ይሉኛል ብዬ በየጆንያችሁ አፍ ላይ ከዚህ አንድ አንድ እፍኝ ጨምሬያለሁ፣ ለምልክት። በሽታው እዚህ ውስጥ ነበር። ማሳችሁን ያሳመመው ክሽክሽ ብቻ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፣ ግን እኔ ነኝ።” ወደ መርማሪው ዞረ። “እርስዎም ይስሙ። ትናንት የነቀልኩበትን ቦታ አሳይዎታለሁ።”

ጋሽ ቶሎቶሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ።  “ስለዚህ… ሁለት ቀን ሙሉ ያስሮጥኩት ያንተን እፍኝ ነው?”

“የኔን እፍኝ ነው።”

“ጀርባዬ’ኮ ተቆረጠ!”

“አውቃለሁ።”

ጋሽ ቶሎቶሎ ተነሳ።  ትሪው ላይ አጎነበሰና ወደ ልጅቷ ቀና አለ። “ቅጠል ሐኪም፣ ይሄ ነገር ሰው ይነካል?”

“ሰው አይነካም፣ ጋሼ። የተክል ብቻ ነው።”

አባቷ ቀድሞ አንድ እፍኝ አነሳና አፉ ውስጥ ከተተው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ምልክት ከሽከሽ አድርጎ አላመጠው። ጋሽ ቶሎቶሎም አነሳ። አላመጠ፣ አሰበ። “ጨው ይጎድለዋል” አለ። ያኔ ነው ግቢው በሳቅ የፈረሰው፤ ሳቅ ያልመጣላቸውም፣ ፊታቸው የጠቆረውም፣ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ።

መርማሪው አልበሉም። ተነስተው ወደ ማሳው ሄዱ፤ ሁሉም ተከተላቸው። አምስት ቦታ ላይ ቆመው መቶ መቶ ተክል አንድ በአንድ እየገለበጡ አዩ። ልጅቷ ጥፍሯን በላች። አንደኛው መቶ፣ ምንም። ሁለተኛው፣ አንድ። ሦስተኛው፣ ምንም። አራተኛው፣ አንድ። አምስተኛው ላይ ሰውዬው አንዲት ቅጠል ይዘው እስኪሰለች ድረስ አገላበጧት። “ይቺ ነፍሳት የበላት ናት” አሉና ለቀቋት። “ከአምስት መቶ ሁለት። ከገደቡ በታች ነው።” መዝገባቸው ላይ ጻፉ። “ሲታጨድ ግን ናሙና እወስዳለሁ። መረብ ቤት ይዘራል፤ ልጅዎ ሳትሆን ሌላ ሰው ነው የሚያየው።”

“እንዲያውም ያ ነው ደስ የሚለኝ!” አለች ልጅቷ፣ እያለቀሰች።

ከገዢዎቹ አንዷ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚያ በር ላይ ከሁሉ በላይ የጮኹት ባልቴት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ አባቷ ቀረቡ። “እሺ፣ ምልክትህን በላነው። ለከርሞ ጆንያው ያንተ መሆኑን በምን እናውቃለን?”

አባቷ ልጁን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን።

“የዚችን ጆንያ ስሰፋ ምንም አላደረግሁበትም” አለ። “ለቤት ልጅ ምልክት ምን ያደርጋል ብዬ። ከእንግዲህ የሁላችሁንም እንደዚያ ነው የምሰፋው።”

ባልቴቷ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉና ትንሽ አቆዩት።

ጋሽ ቶሎቶሎ ግን አልነበረም። ወደ ራሱ ማሳ ግማሽ መንገድ ደርሶ፣ ኪሱን በአኩሪ አተር ሞልቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ይጮኻል፦ “ከየት ነው መንቀል የምጀምረው?”

“ጆንያውን ከከፈቱበት!” ብላ ጮኸችለት።

አባቷ ትሪውን ለእናቷ አቀበለና፣ “ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ላግዝህ!” እያለ ከኋላው ሮጠ፤ ልጅቷም የጫማዋን ክር ሳታስር ተከተለቻቸው።